መርዶ ለአራተኛ ክፍል

ባለፈው ቅዳሜ የቴሌቪዥኑ ሪሞት አልሠራ ብሎ የልጅ ልጄ ሰሚራ ጀርባውን ስትከፍተው፣ ውስጡ ያሉት ባትሪዎች ፈንድተው ነጭ አረፋ አውጥተው ተገኙ። ልጅቷ አንዱን በሁለት ጣቷ ጫፍ እንደ ሞተ አይጥ አንጠልጥላ ወደ ቆሻሻ መጣያው ስትሄድ "ወዲህ አምጪው" አልኳት። "ግራንድማ፣ ኖ! ቶክሲክ ነው!" ብላ ጮኸች። እኔ ግን ከእጇ ተቀብዬ ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። ያ ሽታ፣ የዛገ ብረት የሚመስለው፣ ሳይቀምሱት ምላስ ጫፍ ላይ የሚኮመጥጠው ሽታ፣ አሜሪካ ሬይኖልድስበርግ ከተማ ካለው የልጄ አፓርታማ ሶፋ ላይ አንስቶ ወሎ ውስጥ አንድ አራተኛ ክፍል አፈር ወለል ላይ አስቀመጠኝ። ሰሚራ እጄን ጎትታ በሳሙና እስክታጥበኝ ድረስ እዚያው ነበርኩ።

ዛሬ የባትሪ ድንጋይ ሲባል ሰው የሚያስበው የእጅ ባትሪና ሬዲዮ ነው፤ እኛ የምናስበው ግን ሰሌዳ ነበር። ትምህርት ቤታችን ከደሴ ወደ ቆላ በሚወርደው የመኪና መንገድ ዳር ያለ፣ ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ ቤት ነው፤ ጥቁር ሰሌዳ የሚባለውም ከስሙ በቀር ጥቁረት አልቀረለትም ነበር። ጠመኔ ለዓመታት ተፍቆበት ስለነጣ፣ ነጭ በነጭ ላይ ሲጻፍ ፊት የተቀመጡት የነጋዴና የመንግሥት ሠራተኛ ልጆች እያነበቡ ይጮሃሉ፣ ከኋላ ያለነው ደግሞ የእነሱን ጩኸት እየሰማን እንጮሃለን። እስከ ሦስተኛ ክፍል የተማርኩት በጆሮዬ ነው ብል አልዋሸሁም።

እትዬ ጽጌ የመጣችው አራተኛ ክፍል ስንገባ ነው። ከመምህራን ማሠልጠኛ በቅርቡ የወጣች፣ ሸዋ ደጋ ላይ ያደገች፣ ፀጉሯን ለሁለት የምትጎነጉን፣ ከአንድ ቡናማ ሹራብ ሌላ ሹራብ የማናውቅባት ቀጭን ልጅ ነበረች። ልጅ ነበረች የምለው አሁን ነው፤ ያን ጊዜ ከእሷ የሚበልጥ ትልቅ ሰው በዓለም ላይ ያለ አይመስለንም ነበር። በመጀመሪያው ቀን ሰሌዳው ላይ አንድ ዐረፍተ ነገር ጻፈችና እጇን እያራገፈች በአግዳሚዎቹ መሀል አልፋ እስከ መጨረሻው ረድፍ መጣች፤ እኔ አጠገብ ጎንበስ ብላ፣ ጉንጯ ጉንጬን ሊነካ ደርሶ፣ እኔ በማይበት በኩል ወደ ሰሌዳው ተመለከተች።

"ምን ይላል?" አለችኝ።

"አይታየኝም፣ እትዬ።"

"እኔም አይታየኝም" አለችና ቀና ብላ ለክፍሉ በሙሉ "ከኋላ ያለ ሰው ካላነበበው አልተጻፈም ማለት ነው" አለች። ፊት የተቀመጡት "እኛ አንብበነዋል እኮ፣ እትዬ!" ብለው ሲንጫጩ፣ "እንግዲያው ለእናንተ ብቻ ነው የጻፍኩት፤ መንግሥት የቀጠረኝ ደግሞ ለእናንተ ብቻ አይደለም" አለቻቸው። እንደዚያ ያለ ነገር ከትልቅ ሰው አፍ ሲወጣ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። አንድ ነገር ልክ አለመሆኑን ሆዴ ሲያውቅ ኖሮ፣ ስም ያወጣችለት እሷ ናት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከተማው ውስጥ የሞተ ባትሪ ድንጋይ ሁሉ የእኛ ሆነ። ከሻይ ቤቱ ሬዲዮ፣ ከዘበኛው የእጅ ባትሪ፣ መንገድ ዳር ከሚያድሩት የጭነት መኪና ሹፌሮች እየለመንን እንሰበስባለን፤ ቆርቆሮውን በድንጋይ ፈልጠን ጥቁሩን እናወጣና ከከሰል ጋር ወቅጠን፣ በዱባ ቅጠል ጭማቂ ለውሰን፣ ዓርብ ከሰዓት በጨርቅ ሰሌዳውን እንቀባዋለን። ከሰሌዳው የተረፈው እኛ ላይ ነው። ክርናችን፣ አፍንጫችን፣ አንዳንዴም ጥርሳችን ጠቁሮ ወደ ቤት ስንገባ እናቴ "ይቺ መምህርት ልጅ ልታስተምር ነው የመጣች ወይስ ልታከስል?" እያለች በእንዶድ ትፈትገኝ ነበር። ሰኞ ግን ስንገባ ሰሌዳው እንደ ሐምሌ ሌሊት ጠቁሮ ይጠብቀናል፤ እትዬ ጽጌ አንዲት ፊደል ስትጽፍበት ከመጨረሻው አግዳሚ ሆኜ ጠመኔው የዘለላት ቦታ እንኳ ይታየኝ ነበር።

ሰኞ ደግሞ የገበያ ቀን ነው። አባቴ ሰይድ ልብስ ሰፊ ነበር፤ በገበያ ቀን ሰው ስለሚበዛበት ቁልፍ እንድተክልና ጠርዝ እንድለቅም ከትምህርት ቤት ያስቀረኛል። ወንድሜን አያስቀረውም፤ እኔን ነው። ለምን ስለው "እጅሽ ቀጭን ነው" ይለኛል፣ የወንድሜ እጅ ከእኔ እጅ የቀጠነ እንደነበረ ግን ዓይን ያለው ሁሉ ያያል። እትዬ ጽጌ በመጀመሪያው ሰኞ ስቀርባት ዝም አለች። በሁለተኛው በዕረፍት ሰዓት መጥታ፣ ደንበኛ በሞላበት በር ላይ ቆማ፣ "ጋሼ ሰይድ፣ እንደምን ዋሉ፤ አንድ ነገር ጠፍቶብኝ ነው የመጣሁት" አለች።

አባቴ የስፌት መኪናውን አቁሞ "ምን ጠፋብሽ የኔ እህት? ከዚህ ጥለሽ ይሆን?" ብሎ ከጨርቁ ስር መፈለግ ጀመረ።

"ከአራተኛ ክፍል አንዲት ልጅ ናት የጠፋችብኝ።"

ገበያተኛው በሙሉ ሳቀ። አባቴ ጆሮው ቀልቶ "ውሰጃት፣ ውሰጃት፤ ገበያዬን አትዝጊብኝ" አለ። በሚቀጥለው ሰኞ እንደገና አስቀረኝ፣ እሷም እንደገና መጣች። ደግሞ መጣች። አንዳንዱ ገበያተኛ የሚያሰፋው ልብስ ባይኖረውም ይህን ለማየት ብሎ መቆም ጀመረ። በኋላ አባቴ ገና ከሩቅ ቡናማውን ሹራብ ሲያይ መቀሱን አስቀምጦ "ተነሽ፣ ከድጃ፤ ጠበቃሽ መጣች" ይለኛል። እኔም እነሳለሁ። ለእኔ ብሎ ደጅ የቆመ ሰው ሲኖር ምን እንደሚመስል የማውቀው ከዚያ ነው፤ ጀርባ ይቀናል።

አሁን ስለ አንድ ሌላ ሰው መናገር አለብኝ። አባ ይማም የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ በከተማችን መርዶ የሚያረዱት እሳቸው ናቸው። እስላሙም ክርስቲያኑም ሰው ሩቅ አገር ሲሞትበት ወሬው መጀመሪያ የሚደርሰው ለአባ ይማም ነው፤ እሳቸውም ሽማግሌ አስከትለው ጎሕ ሲቀድ የሟቹን ዘመድ ደጅ ያንኳኳሉ። መርዶ በማለዳ ነው፣ በሰው አፍ ነው፣ ተቀምጦ ነው። ስለዚህ አባ ይማም በማለዳ መንገድ ላይ ከታዩ ሰው ሁሉ በየበሩ ቆሞ ወደየት እንደሚታጠፉ በዓይኑ ይከተላል። አንድ ጊዜ የጠፋች አህያቸውን ፍለጋ በንጋት ወጥተው በአንዲት ሴት ደጅ ቢያልፉ፣ ሴትዮዋ ጩኸቷን አቅልጣ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ደረት ሲደቃ ከቆየ በኋላ ነው የሞተ ሰው እንደሌለ የታወቀው። አህያዋም በለቅሶው ደንግጣ ከጓሮው ወጣች።

ጥቅምት ላይ ወባ ገባ። እትዬ ጽጌ ደገኛ ናት፤ ቆላውን ሰውነቷ አያውቀውም። አንድ ጠዋት በሹራቧ ላይ ጋቢ ደርባ ፀሐይ ላይ ቆማ ስትንቀጠቀጥ አየናት፤ ያም ሆኖ ገብታ አስተማረችን፣ ፊደሎቿ ብቻ ሰሌዳው ላይ እንደ ሰካራም ይንገዳገዱ ነበር። በማግስቱ አልመጣችም። የእህል መኪና ጋቢና ውስጥ አስገብተው ደሴ ሐኪም ቤት ወሰዷት ተባለ።

ከዚያ በኋላ ዳይሬክተሩ "ለስልጠና ሄዳለች" አሉን። የቤት አከራይዋ "ዘመድ ልትጠይቅ ነው" አለችን። እናቴ "ትንሽ አሟታል፣ ትመጣለች" አለችኝ። እትዬ ጽጌ በአንድ ጊዜ ስንት ቦታ ልትሆን እንደቻለች የጠየቀ ልጅ አልነበረም፤ ትልቅ ሰው ያለውን ማመን ነው የተማርነው። እንዲያውም ስትመለስ ደስ እንዲላት ብለን ዓርብ በመጣ ቁጥር ሰሌዳውን መቀባታችንን ቀጠልን። የሚጽፍበት ስለሌለ አይነጣም፤ እኛም በጥቁሩ ላይ ጥቁር እንደርባለን። በዓይኔ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ፣ ያ ሰሌዳ እንደዚያ ጠቁሮ አያውቅም።

አንድ እሑድ እናቴ ከጎረቤቷ ጋር ጎመን እየቀነጠሰች ስታወጋ የእትዬ ጽጌ ስም ተነሣና "አላህ ነፍሷን ይማረው፣ ምን የመሰለች ልጅ" አለች። ከዚያ በሩ ላይ መቆሜን አይታ አፏን በእጇ ያዘች። ጎመኑ ከጭኗ ላይ ፈሰሰ። እኔ የሰማሁትን ሰምቻለሁ።

እውነቱ ይህ ነበር፦ እትዬ ጽጌ ደሴ በገባች በሦስተኛው ቀን ሞታለች። ወንድሞቿ መጥተው አስከሬኗን ወደ አገሯ ወስደዋል። እኛ ትምህርት ቤት ስንውል ከተማው በሙሉ አከራይዋ ቤት ተቀምጦ አልቅሷል፤ አባቴም ሄዷል፣ እናቴም ሄዳለች፣ ዳይሬክተሩም ሄደዋል። ያልተነገረን እኛ ብቻ ነን። ስታስተምር የኖረችውን አርባ ምናምን ልጅ ትተው፣ ሰላምታ እንኳ ሰጥቷት የማያውቀውን የወፍጮ ቤት ጌታ አርድተውታል።

ወደ አባቴ ሱቅ እንዴት እንደሮጥኩ አላስታውስም። ያለቀስኩ አይመስለኝም፤ የማስታውሰው ንዴቱን ነው። "ለምን አልተነገረንም?" አልኩት።

አባቴ መቀሱን ሳያስቀምጥ፣ በዝግታ፣ "መርዶ ለዘመድ ነው የኔ ልጅ። ልጅ ደግሞ መርዶ አይረዳም" አለኝ።

"እኛ ምኗ ነን ታዲያ?"

"ተማሪዎቿ ናችሁ።"

"የወፍጮ ቤቱ ሰውዬስ ምኗ ነው?"

አባቴ ጨርቁን አገላበጠ። ከዚያ እኔ በዚያው ትንፋሼ አባ ይማም ቤት ሄድኩ። ሴት ልጅ፣ ያውም ያን የምታህል ትንሽ፣ ብቻዋን ሽማግሌ ደጅ አትሄድም፤ ግን ሄድኩ። ከግራሩ ስር ተቀምጠው ገመድ ይገምዱ ነበር።

"አባ፣ ነገ ጠዋት ትምህርት ቤት መጥተው ያርዱን" አልኳቸው።

ገመዱን ለቀው አዩኝና ሳቁ። "የሰይድ ልጅ አይደለሽም? ምላስሽን ከአባትሽ መቀስ ነው የተዋስሽው?" አሉኝ።

"ለአራተኛ ክፍል መርዶ አልመጣም፣ አባ።"

"ልጆች ናችሁ። ትረሱታላችሁ ብለን ነው።"

"እኛ እየጠበቅናት ነው። በየሳምንቱ ሰሌዳ እየቀባን ነው" አልኳቸው፤ ከዚያ ሌላ የምለው ስላልነበረኝ የእሷን ቃል አልኩ፦ "ከኋላ ያለ ሰው ካላነበበው አልተጻፈም ብላናለች። እኛ ካልሰማን አልተነገረም ማለት ነው። መርዶዎን አልጨረሱም።"

አባ ይማም ሳቃቸውን አቆሙ። ገመዱን አንስተው ትንሽ ገመዱ፣ ከዚያም ሳያዩኝ "ሂጂ። ልጆቹን በማለዳ ሰብስቢ" አሉኝ።

በየቤቱ ዞሬ ለክፍል ጓደኞቼ "ነገ በማለዳ ኑ፣ ስለ እትዬ ጽጌ ነው" ብቻ አልኳቸው። የመርዶ ደንብ ነው፤ ቃሉን የሚናገረው የሚያረዳው ሰው እንጂ መልእክተኛ አይደለም። ፊታቸውን ታጥበው፣ ፀጉራቸውን ቅባት ተቀብተው፣ አንዳንዱም የሰበሰበውን ባትሪ ድንጋይ በኪሱ ይዞ መጣ። ገና ብርድ ነበር፤ ቆርቆሮው ላይ ጤዛው ይንጠባጠብ ነበር። ጎሕ ሲቀድ አባ ይማም ነጭ ለብሰው፣ ሽማግሌ አስከትለው፣ በትምህርት ቤቱ በር ሲገቡ ክፍሉ በሙሉ አያቸው። ያንን ሰው በማለዳ ማየት ምን እንደሆነ ያላወቀ ልጅ በከተማችን አልነበረም። ከአፋቸው ቃል ሳይወጣ የጓደኞቼ ፊት ሲለወጥ አየሁ።

አባ ይማም ሰሌዳው ፊት ሊቆሙ ሲሉ "አባ፣ ከኋላ ነው የሚጀመረው" አልኳቸው። አልተቆጡም። በመሀል አልፈው መጨረሻው አግዳሚ ላይ፣ እኔ ቦታ ላይ፣ ጉልበታቸው አገጫቸውን ሊነካ እስኪደርስ ታጥፈው ተቀመጡ፤ እኛም ሁላችን ወደ እሳቸው ዞርን።

"ልጆቼ" አሉ፣ "እትዬ ጽጌ ታመመች። ሐኪም ቤት ወሰድናት። ሰው የሚችለውን አደረገ፤ አላህ ግን ወሰዳት። ዘመዶቿ ናችሁና እናንተን ሳናረዳ መቅረታችን ነውር ነበር። ነውሩ የእኛ ነው። እንባው ግን የእናንተ ነው፤ አልቅሱ።"

አለቀስን። ስንት ጊዜ ያጠራቀምነውን አለቀስን። ጩኸታችን ገበያው ድረስ ተሰማ፤ ሴቶቹ ሸቀጣቸውን ጥለው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ፣ ማን እንደሞተ ሳያውቁ ማልቀስ የጀመሩም ነበሩ። ዳይሬክተሩ እየሮጡ ደርሰው "ምንድን ነው ይሄ? ትምህርት ቤት እኮ የለቅሶ ቤት አይደለም!" ሲሉ፣ አባ ይማም ከአግዳሚው ሳይነሱ "ጌታዬ፣ ልጅቷ ያለችበት ስልጠና መቼ ነው የሚያልቀው?" ብለው ጠየቋቸው። ዳይሬክተሩ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ረፋድ ላይ ለሐዘንተኛ እንደሚደረገው ንፍሮ መጣልን። አባቴ የገበያ ቀን ሱቁን ዘግቶ፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ መጥቶ በሩ ሥር ተቀመጠ። ያንን ሰው በሰኞ ቀን ሥራ ፈትቶ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ይህንን ስናገር "ልጅ ሆነሽ እንዲያ ያለ ሐዘን መሸከም ምን ይጠቅምሻል?" የሚሉኝ አሉ። የእኔ ልጆችም ከእነሱ ወገን ናቸው። ታላቅ እህቴ አገር ቤት ስትሞት ረመዳን እስኪያልቅ ደብቀውኛል። ዱዓ ሳደርግ "አላህ ያሽራት" እያልኩ፣ እነሱ አጠገቤ ተቀምጠው "አሚን" ይላሉ። ለሞተ ሰው! በኋላ ልጄ ሐያት "እማ፣ ፕሬዠርሽ ከፍ እንዳይል ብለን እኮ ነው። ሥራ ቦታ ሆኜ እናትሽ ወደቀች ብለው ኮል ቢያደርጉልኝ ምን ላድርግ?" አለችኝ። "የእኔ ፕሬዠር የሚጨምረው እውነት ሲነግሩኝ ሳይሆን ሲዋሹኝ ነው" አልኳት። አሁን ለሁሉም ነግሬያለሁ፤ እዚህ ከተማ ላሉትም፣ አገር ቤት ላሉትም። ሰው ከሞተብኝ በዚያው ቀን ይነገረኝ። ልቤ የኔ ነው፤ ሊሰበርም ከሆነ እኔ ባለሁበት ይሰበር። ይህንን መብት ከአባ ይማም ጋር ተከራክሬ ያገኘሁት በልጅነቴ ነው፣ በእርጅናዬ ለልጆቼ አልመልስም።

በመሞቷ ከአላህ ጋር አልከራከርም። ግን "ዕድሜዋ ያ ነው፣ ምን ጎደለ" ሲሉኝ እቆጣለሁ፤ የጎደለውን ቆጥሬ አልጨርሰውምና። ክፍልፋይ ልታስተምረን ነበር፤ ከገና በኋላ እንጀምራለን ብላን ነበር። ገና መጣ፣ ሌላ መምህር መጣ፣ እሱ ከፊት ላሉት ጻፈ። ሰሌዳው እየነጣ ሄደ። ባትሪ ድንጋይ አምጡ ያለን የለም። ሰኞ ሰኞ ቁልፍ ስተክል ቀና እያልኩ መንገዱን ማየቴን ለመተው ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ፤ በዓመቱ አባቴ ከሰኞም አልፎ ሌላውንም ቀን አስቀረኝ፣ ደጁ ላይ የቆመ ሰው አልመጣም። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። የሚያሳፍረው ሰው አጥቶ ነው። ከዚያ ክፍል ስንት ልጅ ነው እንደኔ የቀረው? ስንቷ ናት ከልብስ ሰፊነት፣ ከወፍጮ ቤት፣ ከሰው ቤት ሌላ ሳታይ የቀረችው? አንዲት ቀጭን ልጅ ስትሞት አንድ ሰው ብቻ የሞተ ለሚመስለው ሰው ነው ይህን የምናገረው።

በዚህ ሰሞን ሐያት ከዌርሃውስ፣ ከዕቃ መጋዘን ሥራዋ ስትወጣ ኢስትሙር በሚባለው ሰፈር ወደሚሰጥ የእንግሊዝኛ ትምህርት ወሰደችኝ፤ "ለሐኪምሽ እንኳ ራስሽ ትናገሪያለሽ" ብላ። አስተማሪዋ ፈገግታ የማይለያት ልጅ ናት። ወንበር ሰጠችኝና ከዚህ በፊት ምን ያህል እንደተማርኩ ጠየቀች። ይህቺን ያህል እንግሊዝኛ እሰማለሁ። ሐያት ቀደም ብላ በአጭሩ መለሰችላት፤ ልጅቷም እያዘነችልኝ ራሷን ነቀነቀች።

"ምን አልሻት?" አልኩ።

"ምንም፣ እማ። ትንሽ ነው የተማረችው አልኳት።"

"ትንሽ አይደለም በያት። አልተጨረሰም በያት።"

"እማዬ፣ ያው ነው እኮ!"

"ያው አይደለም። ትንሽ የሚባለው ያለው በቅቶት የቀረ ነው። የእኔ መምህርት ሞታብኝ ነው የቆመው። እንዲያ ብለሽ ንገሪያት።"

ሐያት በእንግሊዝኛ ረዘም አድርጋ ተናገረች። ልጅቷ ፈገግታዋን ትታ አየችኝ፤ የመምህርቴን ስም ጠየቀችኝ። ይህንን ግን በማንም ሳላስተረጉም ራሴ ነገርኳት።